የየቲም ማሳደጊያ ጥራት በምን ይመዘናል?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይውረድ።



ከለጋሾቻችን ዘንድ ዘወትር የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የሰጠነው ገንዘብ በእርግጥ ደርሷልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሰጠ ሰው የመጠየቅ መብት አለውና። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚበልጥ፣ ነገር ግን እምብዛም የማይጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ልጁ እንዴት ሆነ?» የሚለው ነው። ዱቄቱ ተገዝቶ፣ ደረሰኙ ተቆርጦ፣ ሒሳቡም በኦዲተር ተመርምሮ ሳለ፣ ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ሰሚ የሚያጣበት ቤት ሊኖር ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የቲሞች የሚያድጉበትን ቤት የእንክብካቤ ጥራት ለመመዘን የሚረዱ ነጥቦችን፣ ከራሳችን ስህተት ጭምር በመነሣት፣ እንመለከታለን።

መመርመር መጠራጠር ነውን?

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች «ለአላህ ብሎ የቲም የሚያሳድግን ሰው መመርመር ክፉ ጥርጣሬ አይሆንምን?» ይላሉ። መልሱን ከራሱ ከቁርኣን እናገኛለን። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የየቲም ጠባቂዎች ልጆቹን እንዲፈትኑ፣ የማስተዋል ብቃት ባዩባቸው ጊዜ ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው፣ ባለጸጋው ጠባቂ ከገንዘባቸው እንዲታቀብ፣ ድኃውም በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም፣ በርክክቡም ላይ ምስክር እንዲያቆሙ አዟል። ልብ እንበል፤ ምስክር እንዲያቆም የታዘዘው የሚጠረጠረው ጠባቂ ብቻ አይደለም፤ ታማኙም ጭምር ነው። ምስክርነቱ የቲሙን ከበደል፣ ጠባቂውንም ከሐሜት ይጠብቃል። በሱረቱ አል-በቀራህ 220ኛው አንቀጽም የየቲሞች ጉዳይ መመዘኛ የእነርሱን ሁኔታ ማሻሻል መሆኑ ተመልክቷል። በመሆኑም ልጁ ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም ብሎ መጠየቅ የአማናው አንድ ክፍል ነው።

የቲምን የሚከፍል ሰው በጀነት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ በሳሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ይህ ታላቅ ብሥራት የተነገረው ግን ለከፋላ ነው። ከፋላ ደግሞ የልጁን ምግብ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሥነ ምግባርና ክብር አንድ ላይ መሸከም እንጂ በየወሩ ገንዘብ ማስተላለፍ ብቻ አይደለም። በአካል መገኘት ያልቻለ ሰው ሸክሙን ለሌላ ያውሳል፤ ያዋሰውንም ነገር ይከታተላል።

ከራሳችን ስህተት እንጀምር

ከዓመታት በፊት የማኅበራችን አባላት ተሰባስበን አንድ ማሳደጊያ ጎብኝተን ነበር። የቤቱን ስም መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። መምጣታችን ከሳምንት በፊት ተነግሯል። ስንደርስ ግቢው ተጠርጎ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ፣ ልጆቹም አዲስ ልብስ ለብሰው በሰልፍ ቆመው ነሺዳ አቀረቡልን። ዕድሜዋ አራት ዓመት ገደማ የሚሆን አንዲት ልጅ ከሰልፉ ወጥታ ወደ እኛ ሮጠች። ከመካከላችን የአንዱን እጅ ጨብጣ «አባዬ» አለች፤ ከጉልበቱም አልወርድም አለች። የሁላችንም ዐይን እንባ አቀረረ። በሪፖርታችንም ላይ «ልጆቹ ፍቅር የጠገቡ ናቸው፤ እንግዳን እንኳ አይፈሩም» ብለን ጻፍን። ለጋሾችም ያን አንብበው ድጋፋቸውን ጨመሩ።

ከወራት በኋላ ሪፖርቱን ያነበቡ አንዲት በሕፃናት አስተዳደግ ላይ የሚሠሩ እኅት «በእናቷ ቤት ያለች የአራት ዓመት ልጅ አይታው የማታውቀው እንግዳ ሲመጣ ምን ታደርጋለች?» ሲሉ ጠየቁን። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ትደበቃለች፤ እናቷ «ሰላም በይ» ብላ ስታደፋፍራት ብቻ ትወጣለች። ወደማታውቀው ሰው ሁሉ የምትሮጥና ከእርሱም ጋር ለመሄድ የማታመነታ ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ «ይህ የእኔ ነው» የምትለው አንድ ሰው ያጣች ናት። እኛ የፍቅር ጥጋብ ብለን የጻፍነው ነገር ረኃቡ ነበር።

ይህን ከሰማን በኋላ በሌላ ቀን፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ ሳናስታውቅ ሄድን። በመኝታ ክፍሎቹ ውስጥ ያገኘነው አንዲት ሞግዚት ብቻ ናት። ሥራ ከጀመረች ስድስት ሳምንቷ ነበር፤ ከእርሷ በፊት የነበረችው ደመወዙ አንሷት ሄዳለች። ልጆቹን እንዴት እንደምታስተኛቸው ብንጠይቃት «ኡስታዝ፣ እነርሱ ሃያ ሦስት ናቸው፤ እኔ አንድ ነኝ» ብላ ዝም አለች። ያቺ ትንሽ ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ራሷን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዝ ነበር። ሞግዚቷ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በጣም የደከመች ሴት ነበረች። ጥፋቱ የቤቱ አሠራር ነበር፤ ያን አሠራር ሳያይ አልፎ ያወደሰው ደግሞ የእኛ ሪፖርት ነበር።

ሦስቱ መመልከቻዎች

በቤይሩት ተወልደው በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምና እንክብካቤ ጥራት በሦስት ወገን እንደሚታይ አስረድተዋል፤ እነርሱም አወቃቀር፣ ሂደትና ውጤት ናቸው። ይህ አከፋፈል ከሆስፒታል አልፎ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶችን ለመመዘን ሲያገለግል ኖሯል። ለየቲሞች ማሳደጊያም በእጅጉ ይስማማል። አወቃቀር ማለት ቤቱ ያለው ነገር ነው፤ ሂደት በቤቱ ውስጥ በየዕለቱ የሚደረገው ነው፤ ውጤት ደግሞ በልጁ ላይ የታየው ለውጥ ነው። አብዛኞቻችን ጎብኚዎች የመጀመሪያውን ብቻ አይተን እንመለሳለን፤ ግድግዳ የሚታየው ቶሎ ነውና።

አንደኛ፦ አወቃቀር

ቤቱ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው መሆኑ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የወንዶችና የሴቶች የተለያየ መኝታ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አልጋና ልብሱን የሚያኖርበት ሣጥን መኖሩ መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን የሚታየው የሰው ነገር ነው። «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ ዘበኛው፣ ጸሐፊውና ሾፌሩም ይቆጠራሉና። ትክክለኛው ጥያቄ «ሌሊት በስንት ልጆች መካከል ስንት ሞግዚት ታድራለች? በዒድ ቀንስ? አንዷ ስትታመም ማን ይተካታል?» የሚል ነው። ቀጥሎም «ይህቺ ሞግዚት ከእነዚህ ልጆች ጋር ስንት ዓመት ኖረች?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሞግዚት በየሁለት ወሩ በሚለዋወጥበት ቤት ልጁ በየሁለት ወሩ እንደ አዲስ የቲም ይሆናል።

እዚህ ላይ ለለጋሾች በግልጽ መናገር የሚገባን ነገር አለ። «ገንዘቤ ለልጁ ብቻ እንጂ ለደመወዝ አይዋል» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ይደርሰናል። አሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን ልጁን ይጎዳል። ለየቲም ከልብስም ከብርድ ልብስም በላይ የሚያስፈልገው ሳይለወጥ አጠገቡ የሚኖር ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የራሱ ቤትና የቤት ኪራይ አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ የገደበው የቢሮ ወጪ እንዳይበዛ እንጂ የሞግዚት ደመወዝ እንዲያንስ አይደለም። ዘካ ስምንት የተወሰኑ ተቀባዮች ስላሉት ደመወዙን ከሰደቃና ከወቅፍ ገቢ መሸፈኑ ለጥንቃቄ ይመረጣል። ስለዚህ ለጋሹ ሲሰጥ ኒያውን ለይቶ ቢያሳውቅ መልካም ነው።

ሁለተኛ፦ ሂደት

ሂደትን ማየት የሚቻለው በሦስት ሰዓቶች ነው፤ በምግብ ሰዓት፣ በመኝታ ሰዓትና ልጅ ባጠፋ ጊዜ።

በምግብ ሰዓት ልጆቹ ሲበሉ ሞግዚቶቹ አብረዋቸው ይቀመጣሉ ወይስ ቆመው ይጠብቃሉ? የታመመው ልጅ ድርሻው ይቀመጥለታል? ትንሹ በትልቁ ይነጠቃል? በመኝታ ሰዓት ደግሞ ሕፃናቱን በስማቸው ጠርቶ የሚያስተኛ፣ ዱዓ የሚያስብልና ሌሊት ለሚነቃው የሚነሣ ሰው አለ? ሦስተኛው ከባዱ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው፣ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በሱረቱ አድ-ዱሓም የቲምን መጨቆን በግልጽ ተከልክሏል። ስለዚህ «ልጅ ሲያጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለን እንጠይቅ። «እኛ ዘንድ የሚያጠፋ የለም» የሚል መልስ ያሳስበናል፤ ልጅ ባለበት ጥፋት አለና። «እንዲህ አጠፋ፤ እንዲህ አድርገን መከርነው» የሚል ዝርዝር መልስ ግን ልብ ያሳርፋል።

ከሂደት ሳይወጣ ክብርንም እንመዝን። የቲሙ ስሙ በየጉባኤው እየተጠራ፣ ብርድ ልብስ ታቅፎ ፎቶግራፍ እየተነሣ የሚያድግ ከሆነ እርዳታው ቁስል ይተዋል። በመምህርነት ሥራችን «የየቲሞች ደብተር መጥቷል፤ የቲሞች ውጡ» ተብሎ በክፍል ሲነገር አንገታቸውን የሚደፉ ተማሪዎችን አይተናል። ለጋሽ ፎቶግራፍ ባይጠይቅ ማሳደጊያውም ለማሳየት አይገደድም።

ሌላው የክብር ጉዳይ ስምና ውርስ ነው። በሱረቱ አል-አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ ታዟል፤ በአገራችንም ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። በመዝገቡ ላይ የአባት ስም በአሳዳጊው ወይም በድርጅቱ መሥራች ስም ተተክቶ ከተገኘ መስተካከል አለበት። የልጁ አባት የተወው ቤት፣ ከብት ወይም መሬት ካለ ሰነዱ የት አለ? የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩስ በማን እጅ ነው? ጥሩ ማሳደጊያ ልጁን ከመመገብ ጋር ሀብቱንም ያስጠብቃል። የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላት በአን-ኒሳእ 10ኛው አንቀጽ ምን ያህል ከባድ ዛቻ እንደተነገረበት አንባቢ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፦ ውጤት

ውጤት የሚታየው በልጁ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምልክት አካሉ ነው። የክትባት ካርዱ የተሟላ ነው? ክብደትና ቁመቱ በየጊዜው ተመዝግቧል? ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ፤ የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ ነው። ልኬቱ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሕፃኑ የምግብ እጥረት አለበት፤ ከ11.5 ካነሰ እጥረቱ ከፍተኛ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ያሻዋል። ጎተራው ሙሉ ሆኖ የልጁ ክንድ ከቀጠነ እህሉ ወደ አፉ አልደረሰም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ትምህርት ነው። የውጤት ካርድ ብቻ አንይ፤ ደብተሩን ገልጠን እንይ። መምህር የሆነ ሰው ደብተር ብዙ ነገር እንደሚናገር ያውቃል። ገጾቹ ከተወሰነ ቀን በኋላ ባዶ ከሆኑ በዚያ ቀን አንድ ነገር ሆኗል። የቤት ሥራው ያልታረመ ከሆነ ማታ አብሮት የሚቀመጥ የለም። በቁርኣን ትምህርቱም ስንት ጁዝ እንደደረሰ ከመጠየቅ ጋር በምን ሁኔታ እንደሚማር መጠየቅ ይገባል፤ በፍርሃት የተማረው ነገር ፍርሃቱ ሲያልፍ አብሮ ይረሳልና።

ሦስተኛው ለመውጣት ያለው ዝግጅት ነው። አን-ኒሳእ 6 ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ዕድሜንና የማስተዋል ብቃትን። ብዙ ቤቶች ግን ዕድሜን ብቻ ቆጥረው 18 ዓመት የሞላውን ወጣት በአንድ ሻንጣ ያሰናብታሉ። በ15 ዓመቱ ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ገዝቶ መልስ ቆጥሮ የማያውቅ፣ ምግብ ያላበሰለ፣ ታምሞ ብቻውን ጤና ጣቢያ ያልሄደ ልጅ በ18 ዓመቱ እንዴት ይኖራል? በተግባር መፈተን ማለት በትንሽ በትንሹ ማስለመድ ነው። ስለዚህ «ካለፈው ዓመት የወጡት ልጆች ዛሬ የት ናቸው?» ብለን እንጠይቅ። አድራሻቸውን የሚያውቅ ቤት ጥሩ ቤት ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ልጁ በማሳደጊያ መኖሩን ተቀብለን ነው። ዳሩ ግን ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ «ይህ ልጅ እዚህ መሆን ነበረበትን?» የሚለው ነው። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፤ እናቱ በሕይወት ልትኖር ትችላለች። በልጆች ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ደጋግመው እንዳመለከቱት በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ሕፃናት የሚበዙት ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ናቸው፤ ወደ ማሳደጊያ የገቡትም በድህነት ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 20 ከቤተሰቡ ለተለየ ልጅ ከሚደረጉ እንክብካቤዎች መካከል የእስልምናን ከፋላ በስሙ ጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ይገልጻል። ይህ እንዲያው የተባለ አይደለም። በሩማንያ እ.ኤ.አ. በ1989 የቻውሼስኩ አገዛዝ ሲወድቅ ከ100,000 በላይ ሕፃናት በመንግሥት ማሳደጊያዎች ተገኙ። ከዚያ በኋላ በቡካሬስት 136 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ግማሾቹ በአሳዳጊ ቤተሰቦች እንዲያድጉ አደረገ። ወደ ቤተሰብ የገቡት፣ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ በማሳደጊያ ከቀሩት ይልቅ በአእምሮ ዕድገትና ከሰው ጋር በመቀራረብ ተሽለው ተገኙ።

ስለ ትንሿ ልጅ የጀመርነውን እንጨርስ። መዝገቧን ስናገላብጥ አያቷ በሕይወት እንዳሉ አየን። ወረዳቸው የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። አያትየው ልጅቷን የሰጡት ጠልተዋት አልነበረም፤ «የማበላት ባጣ፣ ከእኔ ጋር ከምትራብ ብዬ ነው» አሉ። ለአያትየው በየወሩ የተቆረጠላቸው ገንዘብ ማሳደጊያው ለአንድ ልጅ ከሚያወጣው ያነሰ ነበር። ልጅቷ ወደ አያቷ ተመለሰች። ከወራት በኋላ ልንጎበኛት ስንሄድ ወደ እኛ አልሮጠችም፤ ከአያቷ ነጠላ ኋላ ተደብቃ በአንድ ዐይኗ ታየን ጀመር። አልሐምዱሊላህ አልን።

ይህ ማለት ማሳደጊያዎች ሁሉ ይዘጉ ማለት አይደለም። ዘመድ የሌለው፣ ወይም ከዘመዱ ዘንድ የሚበደል ልጅ አለ፤ ለእርሱ ጥሩ ቤት ያስፈልገዋል። ዘመድ ያለውን ግን በዘመዱ ቤት መደገፍ ይቅደም። በዘመድ ቤት የሚደገፈው ልጅም በእነዚሁ ሦስት መመልከቻዎች ይታይ፤ ከአጎቱ ልጆች እኩል ይበላል? እኩል ይማራል? ወይስ ከብት ጠባቂ ሆኗል?

ጉድለት ስናገኝ ምን እናድርግ?

ጉድለት የታየበትን ቤት ድጋፍ በድንገት ማቋረጥ ተገቢ አይደለም፤ በመጀመሪያ የሚራበው ልጁ ነውና። ያየነውን በጨዋነት ለአስተዳደሩ እንንገር፤ በጽሑፍም እናስቀምጥ፤ የሚታረምበትን ጊዜ ተስማምተን እንመለስ። ካልታረመ ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እናሳውቅ። ድብደባ፣ ጾታዊ ጥቃት ወይም የልጅ ጉልበት ብዝበዛ ከሆነ ግን ምክርና ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ቀን ለፖሊስ ማመልከት ግዴታ ነው። «የሙስሊሙ ስም ይጠፋል» ብሎ መሸፈን የቲሙን ሁለት ጊዜ መበደል ነው። ልጁን በሚጠይቁት ጊዜም በሞግዚቶቹ ፊት አይጠይቁት፤ ከሰው ዐይን በተሰወረ ስፍራም ብቻውን አይያዙት። የነገረንንም ለሚመለከተው እንጂ ለወሬ አናውለው።

ውድ አንባብያን! በሚቀጥለው ጊዜ ማሳደጊያ ስትጎበኙ ሥጦታችሁን ይዛችሁ፣ ከሥጦታው ጋር ጥቂት ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁ ከመግሪብ በኋላ ሂዱ። ግድግዳውን አይታችሁ ስትጨርሱ ከአንድ ልጅ አጠገብ ተቀመጡና ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሲያዝን ለማን እንደሚነግር የሚያውቅ ልጅ ካገኛችሁ ያ ቤት ድጋፋችሁ የሚገባው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የቲሞቻችንን ይጠብቅልን፤ በአማናቸው ላይ የታመንን ያድርገን፤ ሳናውቅ ያጎደልነውን ይቅር ይበለን፤ የሰጣችሁትን ከእናንተ ይቀበል። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።